የ1993ቱን ዱም በዛሬ ላፕቶፕ ላይ አሳምሮ ማስኬድ፦ እንዴት እንደሚሠራ

ባለፈው የእህቴ ልጅ ላፕቶፑን ይዞ መጣ። ዱምን፣ ያንን ጭራቅ የሚተኮስበትን የድሮ የኮምፒውተር ጌም፣ ከጓደኛው ፍላሽ ላይ ገልብጦ ጭኖታል። አሥር ደቂቃ ተጫወተና ዘጋው። «አጎቴ፣ ያዞረኛል። ደግሞ ሁሉም ነገር ወፍሯል» አለኝ። ጠጋ ብዬ አየሁት፤ እውነቱን ነው። ስክሪኑ ግርጌ ላይ ያለው የወታደሩ ፊት በጎን ተለጥጦ ጉንጩ ያበጠ መስሏል። ሲዞር ምስሉ ይንገጫገጫል። ማውዙን ትንሽ ወደ ፊት ሲገፋው ሰውዬው ሳይጠየቅ ይራመዳል። ቁጭ ብለን ሃያ ደቂቃ ያህል አስተካከልነው። ከዚያ በኋላ እራት ቀርቦ እንኳ አልነሳም አለ።

ጌሙ ምንም አልሆነም። የተለወጠው ዙሪያው ነው። ዱም ሲወጣ ከነበረው ኮምፒውተር እስከ ዛሬው ድረስ የስክሪኑ ቅርጽ ተለውጧል፣ ምስል የሚታደስበት ፍጥነት ተለውጧል፣ ማውዝ የሚያዝበት መንገድ ተለውጧል፣ ሙዚቃ የሚያወጣው ካርድም ጠፍቷል። እነዚህን አራቱን ካስተካከላችሁ ጌሙ ዛሬም ልክ እንደ ቢላ ስለት ነው።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር። ዋናውን የዱም ፕሮግራም ፋይል ዳብል ክሊክ አድርጋችሁ አትድከሙ። የተጻፈው ለዶስ፣ ለድሮው የኮምፒውተር ሥርዓት ነው። ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ደግሞ የዶስ ፕሮግራም አይከፍትም፤ «ይህ ፕሮግራም በዚህ ኮምፒውተር አይሠራም» ብሎ ይመልሳችኋል። ዶስቦክስ በሚባለው፣ ዶስን በሚያስመስል ፕሮግራም ውስጥ ማስኬድ ይቻላል፣ ብዙ ሰውም እንደዚያ ያደርጋል። ግን የድሮው ጣጣ ሁሉ አብሮ ይመጣል፤ በዚያ ላይ ፍጥነቱን በእጅ መለካካት አለባችሁ።

የተሻለ መንገድ አለ። ዱምን የሠራው ኢድ ሶፍትዌር ጌሙን እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 10 ቀን 1993 አወጣ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1997 መጨረሻ ላይ፣ ዋና ፕሮግራመሩ ጆን ካርማክ ሶርስ ኮዱን፣ ማለትም ፕሮግራሙ የተጻፈበትን ጽሑፍ፣ ለሁሉም ሰው ለቀቀው። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ጌሙን የሚወዱ ፕሮግራመሮች ለአዳዲስ ኮምፒውተሮች እያሻሻሉ ይጽፉታል። እንዲህ ያለው ፕሮግራም ሶርስ ፖርት ይባላል። ብዙ ዓይነት አለ። እኔ ለጀማሪም፣ አቅሙ ደከም ላለ ላፕቶፕም የምመርጠው ክሪስፒ ዱምን ነው። የድሮውን መልክና ስሜት አይነካም፤ የሚያስቸግረውን ብቻ ያነሳል።

1. ፕሮግራሙን ማውረድ

ክሪስፒ ዱም በነፃ ነው የሚገኘው። ጊትሀብ በሚባለው፣ ፕሮግራመሮች ሥራቸውን በሚያስቀምጡበት ድረ ገጽ ላይ ያለውን ገጹን ፈልጉና «ሪሊዝ» የሚለውን ክፍል ክፈቱ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ ዝርዝሩ ውስጥ «ሶርስ ኮድ» የሚል ዚፕ አለ፣ እሱን አይደለም የምትፈልጉት። እሱ ውስጥ የሚከፈት ፕሮግራም የለም፣ ጽሑፍ ብቻ ነው። ስሙ ላይ «ዊን» የሚል ያለበትን ዚፕ አውርዱ።

ካወረዳችሁ በኋላ አዲስ ፎልደር ፍጠሩና፣ ስሙን «ዱም» በሉት፣ ዚፑን እዚያ ውስጥ ኤክስትራክት አድርጉ። ዚፑ ውስጥ እንዳለ ለመክፈት አትሞክሩ። ዊንዶውስ መጀመሪያ ስትከፍቱት ሰማያዊ የማስጠንቀቂያ መስኮት ሊያወጣ ይችላል። ከራሱ ገጽ ላይ እስካወረዳችሁት ድረስ «ተጨማሪ መረጃ» የሚለውን ነክታችሁ ማስኬድ ትችላላችሁ። ከማይታወቅ ፍላሽ ላይ የመጣ ከሆነ ግን ተዉት። ኡቡንቱ ወይም ዴቢያን ለምትጠቀሙ፣ በሶፍትዌር ማከማቻው ውስጥ በስሙ ታገኙታላችሁ።

2. የጌሙን ዳታ ማግኘት

ክሪስፒ ዱም ሞተሩ ብቻ ነው። ካርታው፣ ጭራቁ፣ ድምፁ፣ መሣሪያው ሁሉ ያለው ስሙ «ዋድ» ብሎ በሚጨርስ ሌላ ፋይል ውስጥ ነው። ይሄን ፋይል ሳታስገቡ ፕሮግራሙን ከከፈታችሁት «ዳታ የለኝም» ብሎ ይዘጋል።

ከሦስት ቦታ ማግኘት ይቻላል። አንደኛው፣ ነፃው ክፍል ነው። ኢድ ሶፍትዌር የዱምን የመጀመሪያ ክፍል፣ ዘጠኝ ካርታ ያለውን፣ ሰው እየተቀባበለ እንዲጫወተው ብሎ ነበር የለቀቀው። ፋይሉ «ዱም1.ዋድ» ይባላል፣ 4 ሜጋ ገደማ ነው። አንድ ፎቶ የምታወርዱበት ዳታ ይበቃዋል። ለመሞከር ከዚህ የተሻለ የለም፤ ደግሞም ከሙሉ ጌሙ ውስጥ ምርጡ ክፍል እሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሁለተኛው፣ ጌሙን መግዛት ነው። ስቲም በሚባለው የጌም መሸጫ ላይ ዱምና ዱም 2 ዛሬ በአንድ ላይ ነው የሚሸጡት። ከጫናችሁት በኋላ ጌሙን ራይት ክሊክ አድርጋችሁ የተጫነበትን ፎልደር ክፈቱ፤ ውስጡ «ቤዝ» በሚለው ፎልደር ሥር ዋዶቹ አሉ። «ዱም.ዋድ» 12 ሜጋ፣ «ዱም2.ዋድ» ደግሞ 14 ሜጋ ተኩል ገደማ ነው። ኮፒ አድርጓቸው እንጂ ቆርጣችሁ አታንሱ፣ አለበለዚያ ስቲም ጌሙ ጎድሏል ይላችኋል። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2024 የወጣው ይሄ አዲሱ እትም ራሱም ጥሩ ነው። መነካካት የማትወዱ ከሆነ እሱኑ ከፍታችሁ መጫወት ትችላላችሁ።

ሦስተኛው ፍሪዱም ነው። በጎ ፈቃደኞች ከባዶ የሠሩት፣ ሥዕሉም ድምፁም የራሱ የሆነ፣ ሙሉ በሙሉ ነፃ የሆነ ዳታ ነው። ጌሙ ሲጫወቱት ያው ነው፣ መልኩ ግን ዱም አይደለም።

የመረጣችሁትን ዋድ ክሪስፒ ዱም ያለበት ፎልደር ውስጥ፣ ከፕሮግራሙ ጎን አስቀምጡ። አለቀ። አሁን ፕሮግራሙን ዳብል ክሊክ ብታደርጉት ይከፈታል። ግን ገና ነው።

3. ምስሉን ማስተካከል

የእህቴን ልጅ ያዞረው ነገር እዚህ ጋ ነው ያለው፣ ስለዚህ ትንሽ እንቆይበት።

ዱም ምስሉን የሚሥለው በ320 በ200 ፒክስል ነበር። የዚያን ጊዜ ሞኒተር ግን ቅርጹ 4 ለ 3 ስለሆነ፣ እነዚያ 200 መስመሮች ወደ ላይ ተዘርግተው ነበር የሚታዩት። ማለትም እያንዳንዱ ፒክስል ከስፋቱ ቁመቱ በአንድ አምስተኛ ይበልጥ ነበር። ሠዓሊዎቹም ያንን እያዩ ነው የሣሉት። የዛሬ ስክሪን ፒክስሉ እኩል አራት ማዕዘን ነው። ምስሉ እንዳለ ከተቀመጠ ሁሉም ነገር ያጥራል፣ ይወፍራል። ጭራቆቹ ድንክ ይሆናሉ።

ከፕሮግራሙ ጋር አብሮ የመጣ «ሴትአፕ» የሚል ሌላ ፋይል አለ። እሱን ክፈቱና የዲስፕሌይ ክፍል ውስጥ ትክክለኛውን አስፔክት ሬሾ (የስፋትና የቁመት ምጣኔ) የሚያስገድደው ሳጥን ላይ ምልክት መኖሩን አረጋግጡ። ከዚያ ጌሙን ከፍታችሁ «ኦፕሽንስ» ውስጥ «ክሪስፕነስ» የሚለውን ሜኑ ግቡበት። ዋይድስክሪን የሚለውን ከስክሪናችሁ ጋር እንዲገጥም አድርጉት። ይሄ ምስሉን አይለጥጠውም፤ በግራና በቀኝ ተጨማሪ እይታ ነው የሚከፍትላችሁ። አሁን የወታደሩን ፊት እዩት። ቀጠን ብሎ፣ ረዘም ብሎ ከታያችሁ ልክ ነው።

ቀጥሎ መንገጫገጩ። ዱም በሰከንድ 35 ጊዜ ነው የሚያስበው፣ የሚሥለውም 35 ጊዜ ነበር። የዚያ ዘመን ስክሪን በዚህ መልክ ሲሠራ በሰከንድ 70 ጊዜ ስለሚታደስ፣ 35 እኩል ግማሹ ነው፣ ይገጥማል። የዛሬ ላፕቶፕ በብዛት 60 ጊዜ ነው የሚታደሰው። 35 ለ60 እኩል አይካፈልም። ስለዚህ አንዱ ምስል ቶሎ ያልፋል፣ ሌላው ይቆያል። ዓይን ይሄን ያውቀዋል፤ ራስ ምታቱም ማዞሩም ከዚያ ነው የሚመጣው።

መፍትሔው እዚያው «ክሪስፕነስ» ውስጥ «አንካፕድ ፍሬምሬት» የሚለውን ማብራት ነው። ጌሙ የሚያስበው አሁንም 35 ጊዜ ነው፣ ጭራቆቹ አይፈጥኑም፣ ጥይቱም ያው ነው። በመሀል ያለውን ምስል ብቻ ይሞላላችኋል። መጀመሪያው ካርታ ላይ፣ ወደ ግራ ስትሄዱ ደረጃው አናት ላይ አረንጓዴው ጥሩር የተቀመጠበት ክፍል አለ። እዚያ ቁሙና ቀስ ብላችሁ ዙሩ። የግድግዳው ጠርዝ እንደ ውሃ ከፈሰሰ ተሳክቶላችኋል።

አሁንም የሚያዞራችሁ ካለ፣ ሲራመድ ስክሪኑ ከፍ ዝቅ የሚልበትን፣ «ቦቢንግ» የሚባለውን ቀንሱት ወይም አጥፉት። ምስሉ አግድም የሚሰነጠቅ ከመሰላችሁ ምስሉን ከስክሪኑ መታደስ ጋር የሚያገጥመውን «ቪሲንክ» አብሩ። ቪሲንክ በርቶ ማውዙ ከከበዳችሁ ደግሞ መልሳችሁ አጥፉትና ስንጥቁን ታገሡት። እኔ ማውዝ ከሚከብደኝ ስንጥቅ ይሻለኛል።

4. ማውዝና ኪቦርድ

በድሮው ዱም ማውዙን ወደ ፊት መግፋት ማለት መራመድ ማለት ነበር። ዛሬ ለለመደ እጅ ግን መከራ ነው። «ሴትአፕ» ውስጥ ማውዝ የሚለውን ክፈቱና ወደ ላይና ወደ ታች መንቀሳቀስን የሚፈቅደው ሳጥን ላይ ምልክት ካለ አንሱት። እዚያው «አክሰለሬሽን» የሚል ቁጥር አለ፣ 1.0 አድርጉት። አለበለዚያ እጃችሁን ፈጠን ስታደርጉ እይታው ከምትፈልጉት በላይ ይሽከረከራል፣ ዒላማ መያዝ አይቻልም።

ኪቦርድ ላይ የለመዳችኋቸውን አራቱን ፊደሎች፣ ደብልዩ፣ ኤ፣ ኤስ፣ ዲን፣ ለመሄጃ መድቡ። ሁልጊዜ መሮጥ የሚለውንም አብሩት፤ ዱም እየተራመዱ የሚጫወቱት ጌም አይደለም።

መፈተኛው ይሄውላችሁ፦ የመጀመሪያው ካርታ መሀል ላይ ከአረንጓዴ ፈሳሽ በላይ የተዘረጋ ጠማማ መተላለፊያ አለ። ሳትቆሙ፣ እየሮጣችሁ፣ ማውዙን እያዞራችሁ ተሻገሩት። ሳትፈልጉ ወደ ጎን ወይም ወደ ፊት ተገፍታችሁ ከወደቃችሁ ወደ ሴትአፕ ተመለሱ።

5. ድምፅ

የዱምን ሙዚቃ የደረሰው ቦቢ ፕሪንስ ነው። ሙዚቃው የተቀዳ ድምፅ ሳይሆን ኖታ ነው፤ ኖታውን ወደ ድምፅ የሚለውጠው ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ካርድ ነበር። ስለዚህ ካርዱ ሲለወጥ ሙዚቃውም ይለወጣል። በሴትአፕ የድምፅ ክፍል ውስጥ ምርጫ አላችሁ። ኦፒኤል የሚለው በዚያ ዘመን ብዙ ሰው ቤቱ የሰማው፣ ሻካራ የሆነው የሳውንድ ብላስተር ድምፅ ነው። ኔቲቭ ሚዲ የሚለው የዊንዶውስን ድምፅ ይጠቀማል። ሁለቱንም ሞክሩና ጆሯችሁ የወደደውን ያዙ። እኔ ኦፒኤልን ነው የማደርገው፤ ጊታሩ ይበልጥ ይቧጭራል።

ኮምፒውተሩ ደካማ ከሆነ

ዱም ሲወጣ 4 ሜጋ ራምና 386 የሚባል ፕሮሰሰር ባለው ኮምፒውተር ላይ ይሄድ ነበር። ክሪስፒ ዱምም ምስሉን የሚሥለው በፕሮሰሰሩ ነው፣ ግራፊክስ ካርድ አያስፈልገውም። ያረጀ የቢሮ ላፕቶፕ እንኳ ይችለዋል። ከተንቀራፈፈ ላፕቶፑ ባትሪ ቆጣቢ ላይ መሆን አለመሆኑን እዩ። ያም ካልሆነ ከፍተኛውን ሪዞሉሽን አጥፉት።

ምስሉ ድንገት እንደ ጡብ ከሆነባችሁ ኤፍ 5ን ነክታችኋል፤ ዝርዝሩን ዝቅ የሚያደርግ የድሮ ቁልፍ ነው፣ ድገሙት ይመለሳል። ከጨለመባችሁ ኤፍ 11 ያደምቀዋል። ላፕቶፕ ላይ እነዚህ ቁልፎች ድምፅና ብርሃን የሚቆጣጠሩ ከሆነ ከኤፍኤን ቁልፍ ጋር አብራችሁ ተጫኗቸው። ኤፍ 6 ፈጣን ሴቭ ነው። ዴስክቶፕ ላይ የምትጫወቱ ከሆነ በየበሩ ንኩት፤ መብራት ተናግሮ አይሄድም።

ጂዚዱም የሚባለውን ሌላውን ሶርስ ፖርትስ? ቆንጆ ነው፣ ወደ ላይና ወደ ታች ማየት ያስችላል፣ በተጫዋቾች የተሠሩ ትልልቅ ለውጦችም የሚጫኑት በሱ ነው፤ ግን ደህና ግራፊክስ ይፈልጋል። ከተጠቀማችሁበት ቴክስቸር ፊልተሩ በርቶ ከሆነ አጥፉት፣ ምስሉን ሲያለሰልሰው ግድግዳው ቅባት የተቀባ ይመስላል። መዝለልንም አጥፉ፤ ካርታዎቹ ለሚዘል ሰው አልተሠሩም፣ በአንድ ዝላይ ግማሹን ካርታ ታልፉታላችሁ።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ ለኔ ዋናው እሱ ስለሆነ። ክሪስፒ ዱም እስከ አራት ሰው በኔትወርክ ያጫውታል። አንዱ ስልክ ሆትስፖት ይክፈት፣ ዳታው ቢጠፋም ችግር የለም፣ ሁሉም እሱ ላይ ይገናኙ። አንዱ በሴትአፕ «ስታርት ኔትወርክ ጌም» ይበል፣ ሌሎቹ «ጆይን» ይበሉና ዝርዝሩ ውስጥ ይፈልጉት። ዊንዶውስ ፋየርዎል ሲጠይቅ ፍቀዱለት። ሁላችሁም ጋ ያለው ዋድ አንድ ዓይነት ይሁን፣ ካልሆነ አብሮ አይሄድም። እኔና የእህቴ ልጅ በዚያው ምሽት ሁለት ላፕቶፕ ምግብ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠን ከመጀመሪያው ካርታ እስከ ስምንተኛው አብረን ጨረስነው። እሱ ሾትገኑን ይዞ ከፊት፣ እኔ ከኋላ።