ዳሽቦርዱ የተቀየረ አሮጌ ትራክተር፦ ችግርና መፍትሄ

አዲስ ጌጅ (የነዳጅ፣ የአምፔር ወይም የዘይት ግፊት አመልካች) ሲዛባ ጌጁን አውጥቶ መጣል አይገባም፤ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከጀርባው ነው። ሽቦ ከመነካቱ በፊት ግን የባትሪው ማሳ (ባትሪውን ከትራክተሩ ብረት ጋር የሚያገናኘው ገመድ) ይፈታ።

ቀስቶቹ ሁሉ አብረው ይዋልላሉ፣ መብራት ሲበራም ይዘላሉ

ምክንያቱ የማሳ፣ ማለትም ከብረቱ ጋር ያለው ግንኙነት፣ መጥፋት ነው። ፓነሉ አዲስ ሲቀባ ቀለሙ በጌጁና በብረቱ መካከል ይገባል። ብሎኖቹ የሚያርፉበትን ቦታ ብረቱ እስኪታይ በብርጭቆ ወረቀት ይፋቁ። በዚህ ብቻ አይተማመኑ፤ የጌጆቹን ማሳ በአንድ ሽቦ አያይዘው ሞተር ብሎኩ ላይ ያጥብቁት። ከዚያ ባትሪውን መልሰው፣ ቁልፉን ከፍተው ከጌጁ ማሳ እስከ ባትሪው ማሳ በቴስተር ይለኩ። ከ0.1 ቮልት በላይ ካነበበ ማሳው ገና ደካማ ነው።

ታንከሩ ሙሉ ሆኖ ጌጁ ባዶ ይላል

ጌጁና የታንከሩ ተንሳፋፊ (የነዳጁን ከፍታ ለጌጁ የሚነግረው ክፍል) አልተጣጣሙም። ብዙዎቹ የአሜሪካ ተንሳፋፊዎች ባዶ ላይ 240፣ ሙሉ ላይ 33 ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ) አካባቢ ይሰጣሉ። የአውሮፓው ቪዲኦ (VDO) የተባለው ብራንድ ተንሳፋፊ በተቃራኒው ከ10 ተነስቶ ወደ 180 ይወጣል። ሽቦ ማገላበጥ አይረዳም። የተንሳፋፊውን ሽቦ ነቅለው ከተርሚናሉ እስከ ታንከሩ ብረት ኦሙን ይለኩና በዚያ ልክ ጌጅ ይግዙ።

ባትሪው ሲሞላ አምፔር ጌጁ «ይጎድላል» ይላል

እንደ ፎርድ 8ኤን ያሉት አሮጌ ትራክተሮች 6 ቮልትና ፖዘቲቭ ማሳ ነበሩ። ወደ 12 ቮልት ኔጋቲቭ ማሳ ሲቀየሩ ቀስቱ ይገለበጣል፤ የጌጁን ሁለት ሽቦዎች ማቀያየር ይበቃል። አልተርኔተሩ (ባትሪውን የሚሞላው ማመንጫ) 60 አምፔር፣ ጌጁ 30 ከሆነ ግን ጌጁ ሊቃጠል ስለሚችል በቮልት ጌጅ መተካቱ ይሻላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ ቮልት ጌጅ በአምፔር ጌጅ ሽቦዎች መካከል ከገባ ኃይል አያሳልፍም፤ ትራክተሩም ይሞታል። ሁለቱን ወፍራም ሽቦዎች በአንድ ብሎን አጥብቀው ያሽጉ፤ ቮልት ጌጁ ከቁልፉና ከማሳ ይያዝ። ሞተሩ ሲሠራ 14 ቮልት አካባቢ ማሳየት አለበት።

ቁልፉ ተዘግቶም የቤንዚን ሞተሩ አይጠፋም

አልተርኔተሩ በማስነሻ ሽቦው (አልተርኔተሩን ማመንጨት በሚያስጀምረው ቀጭን ሽቦ) በኩል ወደ ቦቢናው (ለሻማው ብልጭታ ኃይል ወደሚሰጠው ጥቅል) ኃይል እየመለሰ ነው። በዚያ ሽቦ ላይ የ1 አምፔር ዳዮድ (ኃይልን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ) ያስገቡ፤ ባለ ቀለበቱ ጫፍ ወደ አልተርኔተሩ ይዙር።

የዘይት ግፊት ጌጁ ያንጠባጥባል

መጋጠሚያውን ከመጠን በላይ አያጥብቁ፤ የናስ ቀለበቱን ይቀይሩ። የናይለን ቱቦ ትኩስ ማኒፎልድ (የሞተሩ ጭስ መውጫ ብረት) አጠገብ ስለሚቀልጥ በመዳብ ይተካ። ንዝረት እንዳይሰብረው ቱቦውን ከጌጁ በፊት አንድ ዙር ይጠምዝዙት።