የሮማ ሳንቲም እጃችሁ ከገባ ሎሚውን አርቁ

አያቴ ድሬዳዋ ከዚራ ሲኖሩ ጎረቤታቸው የነበረ ግሪካዊ ባለሱቅ የሰጣቸው ሁለት ትንንሽ የነሐስ ሳንቲሞች ለእኔ ደረሱ። አንዱን ያበላሸሁት እኔው ነኝ። እናቴ የናስ ትሪ በሎሚና በአመድ ስትወለውል እያየሁ ስላደግኩ፣ እንደዚያው ፈተግኩት። ለካ ምስሉ ያለው እዚያው አረንጓዴ ሽፋን ላይ ኖሯል! ሽፋኑ ሲለቅ ፊቱም አፍንጫውም አብሮ ሄደ። አሁን ቀይ የመዳብ ቁራጭ ነው።

አፈር ከያዘ ዲስትልድ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉት (ለባትሪ የሚሸጠው ውሃ፣ አሲዱን አይደለም)። ውሃውን በየቀኑ ቀይሩ፤ የላላውን አፈር በልጅ የጥርስ ብሩሽና በስቴኪኒ ቀስ እያላችሁ አንሱ። ሳምንታት ቢፈጅ አትቸኩሉ። በደንብ አድርቁት። ሲነኩት የሚረግፍ ነጣ ያለ አረንጓዴ ዱቄት ካወጣ ግን ነሐሱ እየተበላ ነውና ከሌሎቹ ለዩት፤ እርጥበት ያብሰዋል።

አሁን ማየት። ማታ መብራት አጥፉ፣ የስልኩን ባትሪ ከላይ ሳይሆን ከጎን፣ ጠረጴዛው ላይ አጋድማችሁ አብሩበት፣ ሳንቲሙን ቀስ እያላችሁ አዙሩት። ጥላው ምስሉን ያነሳዋል። ሐረር ቤታችን እንዲህ ሳደርግ ልጄ ጮኸች፦ «አባዬ፣ ጅብ!» የሐረር ልጅ ሌላ ምን ይታያት። ተኩላ ናት፤ ከሥሯ የሚጠቡት በአፈ ታሪክ ሮማን የቆረቆሩት መንትዮች፣ ሮሙሉስና ሬሙስ ናቸው፣ ከላይ ሁለት ኮከብ አለ። በፊቱ በኩል የራስ ቁር ያጠለቀች ሴት፣ በሴት አምሳል የተሳለችው ሮማ ራሷ፣ ዙሪያዋን «ኡርብስ ሮማ» (የሮማ ከተማ) የሚል የላቲን ጽሑፍ። ይህ ዓይነቱ መመታት የጀመረው ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢኖስ አዲሷን ከተማውን ቁስጥንጥንያን በመረቀበት በ330 እ.ኤ.አ. ገደማ ነው።

ፊደሉ ቢጠፋ እንኳ ምስሉ ዘመኑን ይነግራችኋል። ሁለት ወታደሮች በመካከላቸው የሠራዊት ዓርማ (ምልክት የተሰቀለበት ዘንግ) ካቆሙ የቆስጠንጢኖስና የልጆቹ ዘመን ነው፤ ዓርማው ሁለት ከሆነ ቀደም ያለው፣ አንድ ከሆነ ከ335 ገደማ ወዲህ ያለው። ወታደር ከፈረሱ የወደቀ ጠላትን በጦር ሲወጋ ካያችሁ ከ348 ወዲህ ነው። (በዚያው ክፍለ ዘመን የእኛው ኢዛና ከሳንቲሙ ላይ ጨረቃውን አንስቶ መስቀል አደረገ።)

ከምስሉ በታች፣ ከመስመሩ ሥር ያሉት ደቃቅ ፊደላት የተመታበትን ከተማ ያሳያሉ። «ኤስ ኤም» ካለ በኋላ «ኤ ኤን» ከመጣ አንጾኪያ፣ «ኤ ኤል» ከመጣ እስክንድርያ። የእኔው የእስክንድርያ ነው።

ከመሬት ያወጣችሁት ከሆነ ግን ሳታጥቡት ለባህል ቢሮ አሳውቁ፤ አዋጅ 209/1992 ያስገድዳል። የቤት ከሆነ በደረቅ ወረቀት ፖስታ አስቀምጡት። የእኔው ፖስታ ላይ ልጄ «የጅቧ» ብላ ጽፋበታለች።