የህዝብ ግንኙነት ሶፍትዌር እንዴት ይመረጣል? ከደብረ ብርሃን

አንድ የኅዳር ጠዋት ነው። የደብረ ብርሃንን የኅዳር ውርጭ የቀመሰ ያውቀዋል። ጋቢዬን ደርቤ ስልኬን ስከፍት ያመለጡ ጥሪዎች ተደርድረዋል። የምሠራበት ፋብሪካ አዲስ የማምረቻ መስመር የሚያስመርቀው በዚያ ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ነበር። መግለጫው ልክ በሰዓቱ ለጋዜጠኞች እንዲደርስ፣ ማታውኑ ሶፍትዌሩ ላይ 3፡00 ብዬ ሞልቼ ተኝቻለሁ። ሶፍትዌሩ የፈረንጅ ነው። ለእሱ 3፡00 ማለት የእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። አንድ ድረ ገጽ ቀድሞ ተነስቶ “ተመረቀ” ብሎ አውጥቶታል። ሪባኑ አልተቆረጠም። እንዲያውም ገና ከሱቅ አልተገዛም።

ሥራ አስኪያጁ ያሉኝን እዚህ አልጽፈውም። ከዚያ ወዲህ ግን ሌሎች ሶፍትዌሮችን ሞክሬ የተማርኩትን ላካፍላችሁ። በፋብሪካ፣ በዩኒቨርሲቲ፣ በወረዳ ኮሙኒኬሽን ወይም በማኅበር ውስጥ የህዝብ ግንኙነት ሥራ ለምትሠሩ ነው።

1. መጀመሪያ ሥራችሁን ቁጠሩ

የሻጩን ገለጻ ከመስማታችሁ በፊት ያለፈውን ዓመት ፋይል ክፈቱ። ስንት መግለጫ ላካችሁ? ለስንት ሰው? ስንቱ ዜና ሆነ? እነዚህ ሶፍትዌሮች ስማቸው ቢበዛም የሚሠሩት አራት ነገር ነው። የጋዜጠኞችን አድራሻ ይይዛሉ፣ መግለጫ ይልካሉ፣ ስለ እናንተ የተወራውን ይለቅማሉ፣ ለአለቃ ሪፖርት ያወጣሉ። በወር ሁለት መግለጫ የምታወጡ ከሆነ አራቱንም መግዛት ለአንድ ዶሮ ግማሽ ጋሻ መሬት እንደማጠር ነው። የትኛው እንደጎደላችሁ ለዩ። እኔ ዘንድ የጎደለው ሦስተኛው ነበር። የገዛሁት ግን ሁለተኛውን ነው። ለምን ብትሉኝ፣ ገለጻው አማረኝ።

2. የራሳችሁን የሚዲያ ዝርዝር ሥሩ

ሲዥንና ሜልትዋተር የመሳሰሉት ትልልቆቹ የውጭ ሶፍትዌሮች የሚታወቁበት አንዱ ነገር የጋዜጠኞች ዳታቤዝ ነው። ለለንደን ወይም ለኒው ዮርክ ጥሩ ሊሆን ይችላል። እናንተ ግን የምትፈልጉት ኢዜአን፣ ኢቢሲን፣ ፋናን፣ አዲስ ዘመንን፣ ሪፖርተርን፣ ሸገርን ነው። ሰሜን ሸዋ ላይ ለሚሠራ ሰው ደግሞ ከሁሉ በፊት አሚኮ (የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን) አለ፣ ጋዜጣው በኩርም አለ።

ስለዚህ ሻጩን “የኢትዮጵያ ዝርዝራችሁን አሳዩኝ” በሉት። ከዚያ የምታውቋቸውን አምስት ዘጋቢዎች ፈልጉ። ስልክ አንስታችሁ ደውሉ። አሁንም እዚያው ናቸው? ጋዜጠኛ በእኛ አገር ቶሎ ቶሎ መሥሪያ ቤት ይቀይራል። ትናንት ኢኮኖሚ ዴስክ የነበረው ዛሬ ባንክ ውስጥ የኮሙኒኬሽን ኃላፊ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ከአምስቱ ሦስቱ ከሌሉ ያ ዳታቤዝ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ገንዘባችሁን ለእሱ አታውጡ።

የራሳችሁ ዝርዝር ላይ ከስምና ከስልክ ሌላ ሦስት ነገር ጨምሩ፦ በቴሌግራም ነው ወይስ በኢሜይል የሚቀበለው፣ ዜናውን የሚዘጋው ስንት ሰዓት ላይ ነው፣ ማህተም ያለው ደብዳቤ ይፈልጋል ወይስ ጽሑፉ ብቻ ይበቃዋል። ሪፖርተር በአማርኛ በሳምንት ሁለቴ፣ ረቡዕና እሁድ ነው የሚወጣው። ቅዳሜ ማታ የላካችሁት መግለጫ ለእሁዱ አይደርስም። ይህን የሚያስታውሳችሁ ሶፍትዌር የለም፤ እናንተ ናችሁ የምትሞሉት። ስለዚህ የምትገዙት ነገር እንዲህ ዓይነት የራስ ማስታወሻ የሚጻፍበት ቦታ ሊኖረው ይገባል።

3. የፊደል ፈተና

ሻጮች የማይወዱት ፈተና ይኸኛው ነው። ሻጩ ሶፍትዌሩን በሚያሳይበት ዴሞ ላይ ራሳችሁ ተቀምጣችሁ ሥሩት እንጂ ሻጩ እንዲሠራላችሁ አትፍቀዱ።

ፍለጋው ላይ “ደብረ ብርሃን” ብላችሁ ጻፉ። ምን ያህል ዜና እንደመጣ መዝግቡ። ቀጥሎ “ደብረብርሃን” ብላችሁ አጋጥማችሁ ጻፉ። ከዚያ በሀ፦ “ደብረ ብርሀን”። ከዚያ በሐ። ከዚያ ቢሮ ውስጥ ሁሉም ሰው እንደሚጽፈው “ደ/ብርሃን”። በላቲን ፊደል ደግሞ “ብርሃን”ን አንዱ በ“አይ”፣ ሌላው በ“ኢ” ፊደል ይጽፈዋል። አንድ ከተማ ነው። እኔ በሞከርኩት ሶፍትዌር አንዱ አጻጻፍ ያመጣውን ሌላው አላመጣም። ለማሽኑ ግን የተለያዩ አገሮች ናቸው።

ከቃሉ ፊት የሚለጠፈው ፊደልም አለ። “በደብረ ብርሃን”፣ “ከደብረ ብርሃን”፣ “የደብረ ብርሃኑ” ሲባል የእኛ ሰው ያው ነው ይላል። ቃሉን እንደተጻፈ ብቻ የሚፈልግ ሶፍትዌር ግን “በ” ስትጨመርበት አያውቀውም። ስለዚህ ሻጩን ሁለት ነገር ጠይቁት። ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን አንድ አድርጎ ያያል ወይ? ከቃሉ ፊት የሚለጠፉትን ፊደሎች መግፈፍ ይችላል ወይ? “አማርኛ እንደግፋለን” ብሎ ከመለሰላችሁ አልመለሰም ማለት ነው። ፊደሉ ስክሪን ላይ ይታያል ማለቱ ነው።

አይችልም ከተባለስ? ሁሉንም አጻጻፍ በአንድ ላይ ደርድራችሁ “ወይም” እያላችሁ ማስገባት ነው። ይህን የሚፈቅድ ከሆነ ይበቃል። ብዙዎቹ ግን በቁልፍ ቃል ብዛት ነው የሚያስከፍሉት። እዚያ ላይ የፊደላችን ሀብት ኪሳችንን ይጎዳል።

ሌላ ወጥመድ አለ። “ሰሜን ሸዋ” ብላችሁ ብትፈልጉ ሁለት ዞን ነው የሚመጣላችሁ። አንዱ የአማራ ክልሉ፣ ዋና ከተማው ደብረ ብርሃን የሆነው። ሌላው የኦሮሚያው፣ ዋና ከተማው ፍቼ የሆነው። አዲስ አበባ ያለ አርታኢ ራሱ አንዳንዴ ያምታታዋል፤ ማሽን ቢያምታታ አይገርምም። የወረዳ ወይም የከተማ ስም ጨምሩበት፦ አንኮበር፣ ጣርማበር፣ ሸዋ ሮቢት። (ሸዋሮቢት ተብሎም ተጋጥሞ ይጻፋል። እሱንም አትርሱ።)

4. ሬዲዮውና ቴሌግራሙ

ጽሑፍ የሚለቅም ሶፍትዌር ሬዲዮ አይሰማም። እኛ ዘንድ ደግሞ ወሬው ያለው ሬዲዮ ላይ ነው። ሻጩ የአማርኛ ድምፅ ወደ ጽሑፍ እቀይራለሁ ካለ፣ አንድ የምታውቁትን የኤፍ ኤም ዜና ቀድታችሁ ስጡትና የቀየረውን አንብቡ። ቴሌግራምና ፌስቡክንም እንደዚሁ በምታውቁት አንድ ዜና ፈትኑ። የመረጣችሁት ቃል ድረ ገጽ ላይ ሲወጣ በኢሜይል የሚያሳውቀው ጉግል አለርት ነፃ ስለሆነ እሱን አሁኑኑ ክፈቱ፤ ቴሌግራም ቻናል ውስጥ የተለጠፈውን ግን ከእሱ አትጠብቁ። ለዚያ አንድ ልጅ መድቦ ጠዋትና ማታ ቻናሎቹን ማየት እስከ ዛሬ ያልተሸነፈ ዘዴ ነው።

5. ሰዓት፣ ቀን፣ ማህተም

ሰዓቱን ነግሬያችኋለሁ። የአዲስ አበባ ሰዓት መመረጡን አይታችሁ፣ ስድስት ጨምራችሁ ወይም ቀንሳችሁ ሙሉ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት የፈረንጅ 9፡00 ነው። ይህን ወረቀት ላይ ጽፌ ኮምፒውተሩ ጎን ለጥፌዋለሁ፤ አትሳቁ።

ማህተም ያለበትን መግለጫ ስካን አድርጋችሁ እሱን ብቻ አትላኩ። ዘጋቢው እንደገና ሊተይበው ነው፤ ሲተይብ የሥራ አስኪያጁን ስም ይሳሳታል። ማህተም ያለው ስካን ለማረጋገጫ፣ ጽሑፉ በዩኒኮድ (በየትኛውም ስልክና ኮምፒውተር በሚነበበው ፊደል) ለመቅዳት፣ ሁለቱም በአንድ መልእክት ይሂዱ። ሶፍትዌሩ ሁለቱን አያይዞ መላክ መቻሉን፣ ደግሞም የአማርኛው ርዕስ ኢሜይል ላይ በትክክል መታየቱን ለራሳችሁ ልካችሁ እዩ። በስልክም ክፈቱት። መብራት ሲሄድ የምትሠሩት በስልክ ነው።

6. ገንዘቡ

የውጭዎቹ ብዙውን ጊዜ በዶላርና ለዓመት ነው የሚዋዋሉት። ሐምሌ 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በጀት አስጸድቃችሁ ሂሳቡ በመካከል ቢያድግ ማን ይከፍላል? ሦስት ፕሮፎርማ አምጡ ለሚል ፋይናንስ ክፍል የውጭ ሰብስክሪፕሽን ማስረዳትም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። የወር በወር ክፍያ ያለውን ፈልጉ። አገር ውስጥ ሠሪ ካለ በብር ተዋዋሉ፤ ከፊደሉም ከሰዓቱም ጋር አብሮ ያደገ ሰው ነው።

“ይህ ዜና በማስታወቂያ ዋጋ ቢሰላ ይህን ያህል ብር ያወጣል” የሚል ሪፖርት ቢያሳዩአችሁ አትደነቁ። አለቆች ይወዱታል፣ አውቃለሁ። የሙያው ሰዎች ግን እ.ኤ.አ. በ2010 ባርሴሎና ላይ ተሰብስበው ይህ ስሌት የህዝብ ግንኙነትን ዋጋ አይለካም ብለዋል። ለእሱ ተጨማሪ አትክፈሉ።

7. አንድ ወር ሞክሩ፣ ከዚያ ዝርዝራችሁን አውጡ

በነፃ ሙከራው አንድ እውነተኛ መግለጫ ላኩበት። ስንቱ ከፈተው፣ ስንቱ ደወለ፣ ስንቱ ዜና ሆነ የሚለውን በእጃችሁም ቁጠሩና ከሶፍትዌሩ ቁጥር ጋር አስተያዩ።

የጋዜጠኞች ስልክ የሰው መረጃ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ስለዚህ ዝርዝሩ የት አገር ሰርቨር ላይ እንደሚቀመጥና ማን እንደሚያየው በጽሑፍ ጠይቁ። አንድ ዘጋቢ “ስሜን አውጡልኝ” ካለ፣ እንደ እኔ፣ በአንድ ቀን መውጣት አለበት።

በሙከራው የመጨረሻ ቀን ደግሞ ዝርዝራችሁን ከሶፍትዌሩ አውጡና በኤክሴል ክፈቱት። እኔ ስከፍተው ሁለት መቶ ያህል ስም ጥያቄ ምልክትና ሳጥን ሆኖ ነው የወጣው። ሻጩ “ኤክሴሉ ነው” አለኝ። በከፊል እውነቱን ነው፤ ፋይሉን በዩኒኮድ አስገብቶ በመክፈት የሚድንበት ጊዜ አለ። የእኔ አልዳነም። ሦስት ቀን ቁጭ ብዬ፣ ሻይ በሻይ ላይ እየጠጣሁ፣ እያንዳንዱን ስም ከስልኬ ላይ እያየሁ እንደገና ተየብኩት። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ክፈቱት።