ባሕሩ እየሞላ ነው ወይስ እየጎደለ?
በጫካ መንገድ ወይም በጀልባ ብቻ ወደሚደረስበት ገለልተኛ የባሕር ዳርቻ ስትሄዱ፣ ውኃው ሞልቶ መመለሻችሁን እንዳይዘጋ፣ እንደደረሳችሁ ማዕበሉ በሚነካው የመጨረሻ ጫፍ ላይ እንጨት ትከሉና ሰዓታችሁን ተመልከቱ። ከ20 ደቂቃ በኋላ ማዕበሉ እንጨቱን ደጋግሞ የሚያልፍ ከሆነ ባሕሩ እየሞላ ነው፤ አንድ ትልቅ ማዕበል ብቻውን ግን ያሳስታልና ቢያንስ አሥሩን ተከታትላችሁ ፍረዱ።

ዘዴው የሚሠራው፣ በዋናነት በጨረቃ ስበት የሚመጣው ሙላት በአብዛኞቹ ዳርቻዎች ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ደረጃ ለመድረስ 6 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ያህል ስለሚፈጅበትና ውኃው በዚያ ጊዜ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚሄድ ነው። እንጨቱ አቅጣጫውን እንጂ ከፍታውን አይነግርም፤ ስለዚህ መውጫችሁ በገደል ሥር የሚያልፍ ከሆነ በዚህ ብቻ አትተማመኑ፣ የአካባቢውን የሙላት ሰዓት አስቀድማችሁ አረጋግጡ።