በበረሃ የሚሠራ ጂኦሎጂስት ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለበረሃ ሥራ አዲስ የሆነ ጂኦሎጂስት የሚፈጽማቸው አብዛኞቹ ስህተቶች በረሃውን ባዶ አድርጎ ከማየት የሚመጡ ናቸው። አለቱን አፈርም ዛፍም ስላልሸፈነው ሁሉ ነገር የተገለጠ፣ ውኃም ሕይወትም የሌለ ይመስለዋል።

የመጀመሪያው ስህተት አለትን በላይኛው ቀለሙ መለየት ነው። በደረቅ አካባቢ ለረጅም ዘመን ሳይነካ የቆየ የአለት ገጽ፣ ነፋስ ያመጣው ሸክላ ከብረትና ከማንጋኒዝ ኦክሳይድ ጋር እየተለጠፈበት ጥቁር ወይም ቡናማ ቅብ ያወጣል። የቅቡ ውፍረት ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ቢሆንም፣ ነጣ ያለውን የአሸዋ ድንጋይ ከርቀት ለሚያየው ሰው ባዛልት የተባለውን ጥቁር የእሳተ ገሞራ አለት ያስመስለዋል። ስለዚህ የአለቱን ስም በማስታወሻ ከማስፈር በፊት ጠርዙን በመዶሻ ሰብሮ ትኩሱን ገጽ በማጉያ ሌንስ ማየት ያስፈልጋል። ነገር ግን መዶሻ ከመነሣቱ አስቀድሞ ገጹ በጥንቃቄ ይመርመር፤ በሰሃራም ሆነ በሌሎች በረሃዎች የጥንት ሰዎች ይህንኑ ቅብ እየፋቁ የእንስሳት ምስል ቀርጸውበታልና፣ እንዲህ ያለውን አለት ለናሙና ብሎ መስበር በእኔ እምነት ይቅር የማይባል ጥፋት ነው።

ሁለተኛው ድንጋይን በባዶ እጅ ወደ ውጭ መገልበጥ ነው። ጊንጦች ቀኑን የሚያሳልፉት ከድንጋይ ሥር ነው፤ ስለሆነም ጓንት አድርጎ የድንጋዩን የወዲያኛውን ጠርዝ ወደ ራስ መሳብ ይገባል፤ እንዲህ ሲደረግ ከሥሩ የሚወጣው ፍጥረት ፊቱ ክፍት ሆኖ ወደ ወዲያ ይሄዳል። ሥራው ሲያልቅ ድንጋዩን እንደነበረ መመለስ አይረሳ፤ ያ ጥላና እርጥበት የብዙ ፍጥረታት መጠለያ ነው። ማታ በአልትራቫዮሌት መብራት ሲታዩ ጊንጦች አረንጓዴ ሆነው ስለሚያበሩ የሰፈሩን ዙሪያ መፈተሽ አያስቸግርም።

ከሁሉ የከፋው በደረቅ ወንዝ ውስጥ መስፈር ነው። ዝናቡ ከሩቅ ተራራ ላይ ዘንቦ፣ በሰፈሩ ላይ አንድ ጠብታ ሳይወርድ ደራሽ ጎርፍ ሌሊት ሊደርስ ይችላል። ጂኦሎጂስት ደግሞ ምልክቱን ማንበብ ሙያው ነው፦ በቁጥቋጦ ላይ ተንጠልጥሎ የቀረ ጭራሮ፣ ወደ ላይኛው ተፋሰስ አዘንብለው የተደራረቡ ጠጠሮች፣ ደርቆ የተሰነጣጠቀ ጭቃ። ጭራሮው የተሰቀለበትን ከፍታ አይቶ ከዚያ እጅግ ከፍ ባለ ቦታ መስፈር ይሻላል።

ውኃን ለመቆጠብ ብሎ ጥምን መታገሥም አደገኛ ነው። ሳላ የተባለው ረጅም ቀንድ ያለው የበረሃ እንስሳ የሰውነቱ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ እንዲወጣ ፈቅዶ ላቡን ይቆጥባል፤ ሰው ግን ያለ ላብ ሊቀዘቅዝ አይችልም፣ በሙቀት ሲሠራም በሰዓት ከ1 ሊትር በላይ ሊያልበው ይችላል። ስለዚህ መቆጠብ ያለበት ሥራው ነው፤ በቀትር ከጥላ ሥር ተቀምጦ ማስታወሻ ማስተካከል፣ ውኃው ሲጋመስም መመለስ ይገባል።

መኪናን ከተለመደው ዱካ አውጥቶ መንዳት ደግሞ ጉዳቱ ለነጂው የማይታይ ስህተት ነው። በብዙ በረሃዎች የአፈሩን ገጽ አጣብቀው ከነፋስ የሚጠብቁት ሳያኖባክቴሪያ የተባሉ ደቂቅ ተሕዋስያን፣ ላይከን የተባለው የፈንገስና የአልጌ ጥምረት እንዲሁም ሞስ የተባሉ ጥቃቅን ዕፅዋት ናቸው፤ ጎማ አንድ ጊዜ ከደቆሳቸው ለማገገም አሥርተ ዓመታት ይፈጅባቸዋል። ስለዚህ መኪናውን ከዱካው ላይ አቁሞ የቀረውን በእግር መሄድ ይገባል። የአለቱ አቅጣጫ በኮምፓስ የሚለካውም ከመኪናውና ከመዶሻው ርቆ ነው፤ ማግኔታይት የተባለው የኮምፓስ መርፌን የሚስብ የብረት ማዕድን በበዛበት አለት ላይ ደግሞ ንባቡን በፀሐይ ወይም በጂፒኤስ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።