የኩባንያ ቪዲዮ በሁሉም ቅርንጫፍ ሳይቆራረጥ እንዲታይ

ለንደን ላይ የሥራ ቀን ሲጀመር ሲድኒ መሽቷል፣ ሳን ፍራንሲስኮ ገና ሌሊት ነው። ሠራተኛው በብዙ አገር የተበተነ ኩባንያ ጥያቄና መልስ የማያስፈልገውን መልእክት ቀድሞ ቀርጾ፣ ሰው በሚመቸው ሰዓት እንዲያየው ማስቀመጥ ይሻለዋል። ቀረጻው የሥራው ቀላል ክፍል ነው፤ አብዛኛው ጣጣ የሚመጣው ፋይሉ ከተጫነ በኋላ ነው።

የአንድ ሰዓት ስብሰባ ቅጂ እንዳለ አይጫን። በየርዕሱ ከ3 እስከ 6 ደቂቃ አድርገው ይቁረጡት፤ የማይቆረጠውን በምዕራፍ ይከፋፍሉት። ተናጋሪው «በሚቀጥለው ሳምንት» ካለ ያስቁሙትና ቀኑን ጠርቶ ይድገመው፤ ዘግይቶ የሚያየው ሰው የትኛው ሳምንት እንደሆነ አያውቅም። ጽሑፍ በምስሉ ላይ አይለጥፉ፤ ትርጉም ሲመጣ ቪዲዮው እንደ አዲስ ይሠራል። የደረት ማይክ ከአገጭ በታች 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ላይ ይሰካ። ተመልካች ደብዘዝ ያለ ምስል ይችላል፣ የሚያስተጋባ ድምፅ ግን ሲሰማ ይዘጋዋል።

ለመጫን ኤች.264 በተባለው የቪዲዮ መጭመቂያ ዘዴ የተጨመቀ፣ ጥራቱ 1080ፒ (ፒው የምስሉን ጥራት ይለካል፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ምስሉ ይጠራል) የሆነ ኤምፒ4 ፋይል፣ ከ8 እስከ 10 ሜጋቢት በሰከንድ፣ ይበቃል። ቪዲዮው የሚጫንበት መድረክ ራሱ በየጥራቱ ያዘጋጀዋል፤ ተመልካቹ ዘንድ 1080ፒ ወደ 5፣ 720ፒ ወደ 2.5፣ 360ፒ ከ1 ሜጋቢት በታች ይወስዳል።

አሁን ሒሳቡን ይሥሩ። ቢሮው ውስጥ ያሉ 200 ሰዎች በ720ፒ ቢከፍቱ 500 ሜጋቢት በሰከንድ ነው። መስመሩ 300 ከሆነ የሚቆራረጠው ቪዲዮው ብቻ አይደለም፤ በዚያው መስመር የሚሄደው የስልክ ጥሪም አብሮ ይበላሻል። ሰው በፈለገው ሰዓት የሚያየውን እንዴት ሁሉም በአንዴ ይከፍተዋል? የቪዲዮውን ሊንክ የያዘው ኢሜይል ለሁሉም በአንድ ደቂቃ ስለሚደርስ ነዋ! ኢሜይሉን በየክፍሉ በ30 ደቂቃ ልዩነት ይላኩ፤ በጠባብ መስመር ላይ ላሉ ቢሮዎች ጥራቱን በ360ፒ ይገድቡ። ትልልቅ ቅርንጫፎች ደግሞ ቪዲዮውን አንዴ አውርዶ ለሁሉም የሚያድል ካሽ ሰርቨር ያስፈልጋቸዋል። ከቤት የሚሠሩት ቪፒኤን (ከኩባንያው ኔትወርክ ጋር የሚያገናኝ የተጠበቀ መስመር) ላይ ከሆኑ ቪዲዮው መጀመሪያ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ገብቶ ተመልሶ ይወጣል፤ የደኅንነት ክፍሉ ከፈቀደ የቪዲዮውን አድራሻ ብቻ ከቪፒኤን ውጭ ያድርጉት። ከማስታወቅዎ በፊት በጣም ሩቅ ባለው ቅርንጫፍ ያለ ሰው በሥራ ኮምፒውተሩና በቢሮው ኔትወርክ ከፍቶ ይሞክረው። በግል ስልኩ ዳታ ቢሞክረው ምንም አይነግርዎትም።

በማሽን የተጻፈ የግርጌ ጽሑፍ የሰው ስም፣ የምርት ስም፣ ቁጥርና አሕጽሮት ላይ ይሳሳታል። መጀመሪያ የዋናውን ቋንቋ ጽሑፍ አርመው ከዚያ ያስተርጉሙ፤ ከተገላበጠ አንዱ ስሕተት በአሥሩም ቋንቋ ይባዛል። በአንድ ጊዜ የሚታየው ጽሑፍ ከሁለት መስመር አይብለጥ፤ በላቲን ፊደል ለአንድ መስመር 42 ፊደል ያህል በቂ ነው። ጽሑፉን ቪቲቲ በሚባል የተለየ የግርጌ ጽሑፍ ፋይል ያስቀምጡ፤ ቃል ለማረም ቪዲዮውን መንካት አይኖርብዎትም።

መግቢያው በሠራተኛ መለያ ይሁን። ዝርዝር ላይ የማይወጣ ሊንክ የተቆለፈ ማለት አይደለም፤ ያገኘው ሁሉ ይከፍተዋል። የኩባንያ ኢሜይል የሌላቸውን የፋብሪካና የመጋዘን ሠራተኞች ሰው አዘውትሮ የሚረሳቸው እዚህ ላይ ነው።

እያንዳንዱ ቪዲዮ ኃላፊና የማብቂያ ቀን ይኑረው። ማረሚያ ሲኖር ፋይሉን በዚያው ሊንክ ስር ይተኩ፤ አዲስ ሊንክ ከላኩ አሮጌው በሰዎች ኢሜይል ውስጥ ሲዞር ይኖራል።

የተከፈተበት ብዛት ያሳስታል፤ ተመልካቹ ጥሎ የሚወጣበትን ሰከንድ ይመልከቱ። ማን ምን ያህል እንዳየ በስም መመዝገብ ግን ጀርመን ውስጥ የሠራተኞች ምክር ቤት ስምምነት የሚጠይቅ ጉዳይ ነው፤ ስለዚህ ቆጠራውን ከመጀመርዎ በፊት ያነጋግሯቸው፣ ወይም በቡድን ደረጃ ብቻ ይቁጠሩ።