ውሃው ይወርዳል፣ ሞተሩ ግን ይቃጠላል፦ የአሮጌ ጀልባ ሞተርን የውሃ ምልክት ከታች ወደ ላይ ማዛወር

ደሴ ተቀምጬ የጀልባ ሞተር እጠግናለሁ ስል ሰው ይስቃል። ጦሳ ተራራ ሥር ጀልባ ከየት መጣ ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ሰኞ ገበያ አጠገብ ባለችው ጋራዤ ከጠዋት እስከ ማታ የሚገባው ባጃጅ፣ ሞተር ሳይክልና የመስኖ ፓምፕ ነው። ግን ሐይቅ ከተማ ከዚህ 30 ኪሎ ሜትር ብትርቅ ነው። እዚያ ጀልባ አለ። ጀልባ ካለ ሞተር አለ። ሞተር ካለ ደግሞ አንድ ቀን መቃጠሉ አይቀርም።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ሽማግሌ ሞተራቸውን በጆንያ ጠቅልለው፣ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ጭነው አመጡልኝ። ባለ ሁለት ሲሊንደር ነው። ዘይት ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ የሚጨመርበት፣ ዕድሜው ከኔ የሚበልጥ። የቴስታታው፣ ማለትም የሲሊንደሩ የላይ ክዳን፣ ቀለም ተጠብሶ ቡኒ ሆኗል። ከሥሩ ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑም ተበልቷል።

“ጋሼ፣ ውሃ ሳይስብ ነድተውት ነው” አልኳቸው።

ተቆጡ። “ልጄ፣ እኔ ዓይን የለኝም? እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ እንደ ጤነኛ ሰው ይሸና ነበር!”

ይሸና ነበር ያሉት ከሞተሩ ኋላ በቀጭኑ እየተፈናጠረ የሚወጣውን ውሃ ነው። የጀልባ ሞተር ራዲያተር የለውም። ከሥር፣ ፕሮፔለሩ አካባቢ ባለችው ወንፊት የሐይቁን ውሃ ይስባል። የጎማ ክንፍ ያለው ፓምፕ ውሃውን ወደ ላይ ይገፋዋል። ውሃው በሲሊንደሩና በቴስታታው ዙሪያ ይዞርና ከጭሱ ጋር ተመልሶ ሐይቁ ውስጥ ይገባል። ከዚሁ ላይ ጥቂቱ በቀጭን ቱቦ ተጠልፎ ወደ ውጭ ይፈናጠራል። ነጂው እሱን አይቶ ልቡን ያሳርፋል።

ሽማግሌው አልዋሹም። ሞተሩን ስፈታው ነገሩ ገባኝ። ቀጭኗ ቱቦ ውሃ የምትወስደው ከታች ነው፤ ውሃው ከፓምፑ ወጥቶ ገና ወደ ሞተሩ ሊገባ ሲል። ፓምፑ መሥራቱን ትናገራለች እንጂ ቴስታታው ውሃ ማግኘቱን አታውቅም። የላይኛው መተላለፊያ ግን በደለልና ኖራ በሚመስል ቅርፊት ተደፍኖ ነበር። በር ላይ እንግዳ እየቆጠሩ “ሁሉም በልቷል” እንደ ማለት ነው። ጓዳ ገብቶ ያየ የለም።

ሁሉም ሞተር እንዲህ አይደለም። ከላይ፣ ከቴስታታው ወይም ከሲሊንደሩ የሚወስድ ብዙ አለ። የእናንተ ከየት እንደሚወስድ ለማወቅ ክዳኑን አንሱና ቀጭኗን ቱቦ በጣታችሁ ተከተሉ። ከላይ ከመጣች ምንም አትንኩ፤ እዚሁ እንሰነባበት። ከታች ከመጣች ወይም ጭራሽ ከሌለች ቀጥሉ።

ትራፓኖ (መብሻ ማሽን) ከማንሳታችሁ በፊት ግን ቀላሉን ነገር አጣሩ። ውሃ አልወጣም ተብሎ የሚመጣልኝ ሞተር ብዙ ጊዜ ችግሩ መውጫዋ ቀዳዳ ላይ ነው። ሞተሩ ተሰቅሎ ሲከርም ነፍሳት ጭቃ ይጠቀጥቁባታል። ቱቦውን ንቀሉና ከሳይክል ፍሬን ገመድ አንድ ዘለላ ሽቦ መዝዛችሁ ጎርጉሩት። ቱቦውን ሳትነቅሉ በኮምፕሬሰር እንዳትነፉ፤ ቆሻሻውን መልሳችሁ ወደ ውስጥ ትገፉታላችሁ። ቀጥሎ የፓምፑን ጎማ እዩ። ክንፎቹ ወደ አንድ ጎን ተጣመው ከቀሩ፣ ከተሰነጠቁ ወይም እንደ ፕላስቲክ ከደረቁ ቀይሩት። አዲሱን ስታስገቡ በሳሙና ውሃ አርጥቡት። የሞተሩን ዘንግ በሚዞርበት አቅጣጫ ብቻ እያዞራችሁ ክንፎቹን አስገቧቸው። ይህ ጎማ የሚለሰልሰው በውሃ ነው፤ ሞተሩን ለጥቂት ሰከንድም ቢሆን በደረቁ ካስነሳችሁት ይበላል።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ። ቴስታታውን ፍቱት። ሳይፈታ ብበሳውስ የሚል ሰው አይጠፋም። አይሆንም። አንደኛ፣ ብናኙ ውስጥ ይቀርና ያቺን የጸዳች መተላለፊያ መልሶ ይደፍናታል። ሁለተኛ፣ ከብረቱ ኋላ ውሃ ይሁን እሳት ያለው አታውቁም። እሳት የሚጭረው ካንዴላ ያለበት ክፍል ላይ ከበሳችሁ ቴስታታው ለዕቃ መደርደሪያነት ይሆናል፣ ለሌላ አይሆንም። አንዳንድ ሞተር ላይ የውሃው ክዳን ከቴስታታው ለብቻው ይፈታል። ያ ከሆነ ዕድለኞች ናችሁ፤ የምትበሱት ክዳኑን ብቻ ነው።

ቅርፊቱን በሽቦና በእንጨት ፍቁት። በመሮ አትምቱት፤ አሉሚኒየም ነው። ከዚያ ቦታ ምረጡ። እኔ የምፈልገው ሦስት ነገር ነው። ሞተሩ ቀጥ ብሎ ሲቆም ከውሃው መንገድ ከፍተኛው ቦታ መሆን አለበት። ከቴርሞስታቱ (ውሃው ሲሞቅ ከፍቶ ከሚያሳልፈው በር) በፊት፣ ማለትም በሞተሩ በኩል መሆን አለበት። ብረቱም የቡሎን ጥርስ እንዲይዝ ቢያንስ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይኑረው። ውፍረቱን በቆልማማ ሽቦ ከውስጥና ከውጭ ለኩት።

ከፍተኛው ቦታ ላይ የምደርቀው ያለ ምክንያት አይደለም። አየርና እንፋሎት ወደ ላይ ነው የሚሄደው። የጀልባ ሞተር እንደ መኪና ራዲያተር ግፊት የሚይዝ ክዳን የለውም። ሐይቅ ደግሞ ከባሕር ወለል ወደ 2000 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ላይ ነው። ባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ እዚያ 93 አካባቢ ላይ ይፈላል። ጭነት ይዞ የሐረጎን ዳገት የወጣ ሹፌር ይህን ሳልነግረው ያውቀዋል። ቴስታታው አናት ላይ እንፋሎት ከተጠራቀመ ብረቱን የሚያቀዘቅዝ የለም። ቱቧችሁ ከዚያ ቦታ ከወሰደች ግን ምልክትም ትሰጣለች፣ የታፈነውንም ታስወጣለች።

እኔ የበሳሁት በ6.8 ሚሊ ሜትር ፑንታ (የትራፓኖ ጫፍ) ነው። ለ8 ሚሊ ጥርስ፣ 1.25 እርምጃ (ከጥርስ እስከ ጥርስ ያለው ርቀት) ላለው፣ ልኩ ይኸው ነው። መጀመሪያ በቀጭን ፑንታ ምልክት አድርጉና በትልቁ አስፉት። አሉሚኒየም ፑንታ ላይ እየተጣበቀ ያስቸግራል፤ ነጭ ጋዝ ጠብ ጠብ አድርጉበት። ጥርስ ማውጫውንም እንዲሁ። ግማሽ ዙር ወደ ፊት፣ ሩብ ዙር ወደ ኋላ። እዚህ ላይ የቸኮለ ሰው ጥርስ ማውጫውን ውስጥ ሰብሮ ያስቀራል። ከኔ በላይ ምስክር የለም፤ የተሰበረውን ለማውጣት አንድ ሙሉ ቅዳሜ ፈጅቶብኛል።

ቱቦው የሚሰካበትን አፍንጫ ቶርኖ ቤት ከነሐስ አስወጣሁ። አንድ ጫፉ ባለ 8 ሚሊ ጥርስ፣ ሌላው ጫፉ ቱቦ የሚይዝ። መሃሉ ላይ ያለው ቀዳዳ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የቶርኖ ቤቱ ልጅ “ላስፋው እንዴ? ውሃ በደንብ ይወርዳል” አለኝ። ደግ ልጅ ነው፣ ግን እንዳትሰሙት። ቀዳዳው በሰፋ ቁጥር ውሃው ሥራውን ሳይሠራ ያመልጣል። ቴርሞስታቱን የሚያልፍ ሌላ በር ስለከፈታችሁለት ሞተሩ መሞቅ እያለበት ቀዝቃዛ ይሆናል፣ ካንዴላውም ይጠቁራል። ለምልክት 3 ሚሊ ይበቃል። ጥርሱ ላይ ቴፍሎን ጠምጥማችሁ እሰሩት። ነሐስና አሉሚኒየም ጨዋማ ውሃ ውስጥ ይበላላሉ፤ የሐይቅ ውሃ ጨዋማ ስላልሆነ እኛን ብዙም አያሳስበንም። ምጽዋ ወይም ጅቡቲ ላይ ቢሆን ሌላ ነገር ባሰብኩ ነበር።

ቴስታታውን በአዲስ ጓርኒሲዮን ግጠሙት። ቡሎኖቹን ከመሃል ጀምራችሁ ወደ ዳር፣ በመስቀለኛ፣ በሦስት ዙር አጥብቁ። የቱቦው ነገር አጭር ነው፦ 6 ሚሊ የነዳጅ ጎማ፣ ሁለቱም ጫፍ ላይ ማሰሪያ፣ ከሚሽከረከረው ቮላኖ የራቀ፣ የትም ቦታ ያልታጠፈ። ነጭ የሚያሳይ ፕላስቲክ ቱቦ ያማረ ይመስላል፤ ሲሞቅ ይለሰልስና ይታጠፋል፣ ተዉት። ከታች የነበረውን የድሮ መስመር በጎማ ቁራጭና በቡሎን ድፈኑት። መውጫዋ የድሮዋ ትሁን፤ ነጂው ዓይኑ የለመደው እሷን ነው።

ሙከራው በርሜል ውስጥ ነው። ደሴ ላይ ውሃ በፈረቃ ስለሆነ የጎረቤቴን በርሜል ተበደርኩ። ጭሱ ውሃው ውስጥ ስለሚወጣ ውሃው በዘይት ተበላሸ። እስካሁን እንደኮረፈችኝ ናት። የራሳችሁን በርሜል ያዙ፤ ሥራው ደግሞ ደጅ ይሁን፣ ጭሱ ቤት ውስጥ ይገድላል። ውሃው ከፕሮፔለሩ በላይ ያለውን ጠፍጣፋ ብረት አልፎ ፓምፑን መሸፈን አለበት። ማርሽ ሳታስገቡ አስነሱ። በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ውሃ ካልወጣ አጥፉ፤ “ትንሽ ልጠብቀው” አይባልም። ከወጣ እጃችሁን ሥሯ ያዙ። መጀመሪያ ቀዝቃዛ ነው፣ ቆይቶ ለብ ይላል፣ ከዚያም ይሞቃል። የሻይ ሙቀት ደርሶ እጅ የሚያሸሽ ከሆነ ወይም እየተቆራረጠ እንፋሎት ከቀላቀለ አጥፉ። የድሮዋ ምልክት ይህን አትነግራችሁም ነበር፤ የምታወጣው የሐይቁን ውሃ እንደ ወረደ ነዋ። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የቴስታታውን ቡሎኖች እንደገና አጥብቁ።

ቴርሞስታቱን ረስቼ አይደለም። ድስት ውስጥ ከቴርሞሜትር ጋር ቀቅዬዋለሁ። የጀልባ ሞተር ቴርሞስታት ከመኪናው በጣም ቀድሞ ስለሚከፍት ድስቱ ይበቃዋል። የመኪናውን ግን ደሴ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ፈትናችሁ አትጣሉት። 88 የተጻፈበት ሙሉ በሙሉ የሚከፍተው ከዚያ አሥር ዲግሪ ያህል አልፎ ነው፤ የኛ ውሃ ደግሞ 92 ሳይሞላ ይፈላል። ስንት ደህና ዕቃ በዚህ ተጥሏል።

የሽማግሌው ቴርሞስታት ከፈተ፣ ግን እየተጎተተ። ምትክ ፈለግሁ፣ አጣሁ። አጽድቼ መለስኩት። ማድረግ አልነበረብኝም።

ሞተሩን ሐይቅ ድረስ ወስጄ ከጀልባዋ ጋር አሰርኩላቸው። ሁለት ጊዜ ደርሰን ተመለስን፣ ውሃው ለብ ያለ፣ ያልተቋረጠ። እየነዱ በየመሃሉ እጃቸውን ወደ ኋላ እንዲዘረጉ አሳየኋቸው። “በስተርጅና ሽንት አስነካኸኝ” ብለው ሳቁ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ስልክ ተደወለ።

“ልጄ፣ ይሸናል፣ ግን ይፋጃል።”

“አጠፉት?”

“አጥፍቼ በመቅዘፊያ ነው የወጣሁት። ክንዴ ሊነቀል ነው።”

በማግስቱ ሄድኩ። ቴስታታው ደህና ነው፣ ጓርኒሲዮኑም ደህና ነው። ቴርሞስታቱ ተዘግቶ ደርቋል። አሁን ያለ እሱ ነው የሚሠራው፤ ካንዴላውን ቶሎ ቶሎ እያጸዱ፣ ምትኩ እስኪገኝ ድረስ።